ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ለተጨነቁ ወላጆች፦ እኛን ስለረዱን አማካሪ ምስጋናና ጥቆማ

ልጃችን ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በእሷም ሆነ በእኛ ስም የተወሰደ ብድር የለም። ዓምና በዚህ ወቅት እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ አጥተን፣ ከገቢያችን ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ገንዘብ ከየት እንደምናመጣ እያሰላን እናነጋ ስለነበር፣ ዛሬ ያገኘነውን እፎይታ በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም። ለዚህ ያበቁን አንዲት ሴት ናቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው እዚህ አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን ያለ ምንም ክፍያ ያማክራሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ሥራቸውን ግን ከመናገር የሚያግደኝ የለም።

እሳቸው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ብዙ ተንገላተናል። መጀመሪያ የሄድንበት የማማከር ድርጅት የሁለት ወር የቤት ኪራያችንን የሚያህል ገንዘብ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ የልጃችንን የኤስኤቲ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ውጤት ብቻ አይቶ፣ ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ መግባቷ የማይቀር እንደሆነ ነገረን። ስለ ወጪው በጠየቅን ቁጥር መልሱ «መጀመሪያ ትግባ፤ የገንዘቡ ነገር በኋላ ይታያል» የሚል ነበር። ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ለባለቤቴ ያሳዩት ንቀት ነው። እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ስለማትናገር፣ ሦስት ጊዜ አብራን ሄዳ አንድም ቀን ዞር ብሎ ያነጋገራት አልነበረም፤ ፊርማ ሲያስፈልግ ግን ወረቀቱን የገፉት ወደ እሷ ነበር። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ የኧርሊ ዲሲዥን (ቀደም ብሎ የሚቀርብ አስገዳጅ ማመልከቻ) ስምምነት እንደነበረና፣ ልጃችን በዚያ መንገድ ተቀባይነት ካገኘች ሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ትታ እዚያ ለመግባት ቃል እንደምትገባ የነገረን ሰው አልነበረም። ከዚያ ተስፋ ቆርጠን የሄድንበት ሌላ ቦታ ደግሞ ገቢያችንን አይተው «በዚህ ደመወዝ የግል ዩኒቨርሲቲ ማሰብ ልጅቷን ማሞኘት ነው» ብለው ሸኙን። አንዱ ያለ ማስረጃ ተስፋ ሰጠን፣ ሌላው ያለ ማስረጃ ተስፋችንን ነጠቀን።

እኚህን ሴት የጠቆመችን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ለግማሽ ሰዓት ያህል በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ከቆዩ በኋላ፣ ባለቤቴ ቦርሳዋን ታቅፋ ዝም ብላ መቀመጧን አስተዋሉ። ወዲያው ንግግራቸውን አቋርጠው ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩና «እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከመጀመሪያው ልጀምርልዎት» አሏት። ያንን ሁሉ ንግግር አንድም ሳያስቀሩ በአማርኛ ደገሙት። ባለቤቴ በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለች «ብትገባስ፣ በሁለተኛው ዓመት ድጋፉን ቢያቋርጡብን ምን እንሆናለን?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ እርሳሳቸውን አነሡ፤ ጥያቄውን እንዳለ በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። «ዛሬ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ እንጠይቃለን» አሉ። የባለቤቴ ፊት ሲፈካ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለዚህች ደቂቃ ብቻ እንኳ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናቸው አይበዛባቸውም።

ስለ መግቢያው መስፈርት የነገሩን እውነት መጀመሪያ ላይ መራራ ነበር። ልጃችን ጎበዝ መሆኗን አልካዱም፤ ነገር ግን እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚመልሷቸው ልጆች አብዛኞቹም ጎበዞች መሆናቸውን አስረዱን። ለምሳሌ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ54,000 በላይ አመልካቾች ቀርበውለት የተቀበለው ወደ 2,000 የሚጠጉትን ብቻ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው ለማንም ልጅ ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል፣ የሚሰጥ ካለም ገንዘባችንን ይዘን መውጣት እንደሚገባን በግልጽ ነገሩን። እሳቸው ያሳዩን ግምት ሳይሆን የዩኒቨርሲቲዎቹን የራሳቸውን ሰነድ ነው። «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባለውን፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሚያወጡትን መረጃ በኮምፒዩተራቸው ከፍተው፣ ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱ እንደገባ፣ የገቡት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ ድርሰት፣ የመምህር ምስክርነትና ሌላውም መመዘኛ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ «በጣም አስፈላጊ» ይሁን ወይም «ከግምት የማይገባ» ይሁን የተመለከተበትን ሠንጠረዥ ከእኛ ጋር አነበቡ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቀበለን ድርጅት ይህንን በነጻ የሚገኝ ሰነድ አንድ ቀን እንኳ አለማሳየቱን ሳስብ እስከ አሁን ደሜ ይፈላል። በዚያ ንባብ ምክንያት ከዝርዝራችን አራት ስሞች ተሰርዘው፣ ሰምተናቸው የማናውቅ ሌሎች አራት ገቡ። ልጃችን አሁን ያለችው ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ወደ ወጪው ስንመጣ ዓይናችንን የገለጡልን ከሁሉ የበለጠ ነው። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ የሚያስታውቀው ዋጋ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከፍለው እንዳልሆነ አናውቅም ነበር። በሃርቫርድ እ.ኤ.አ. የ2025–26 የትምህርት ዘመን ጠቅላላ ወጪ ከ86,000 ዶላር በላይ ነው፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ከዚያው ዓመት ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ ሀብታቸውም ከዚሁ ጋር ለሚመጣጠን ቤተሰቦች ልጆች የትምህርቱን፣ የመኖሪያውንና የምግቡን ወጪ እንደሚሸፍን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ግን በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ዘንድ እንደማይገኝ ወዲያው አስጠነቀቁን። ሃርቫርድን ጨምሮ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ የሚሰጡት በቤተሰቡ የመክፈል አቅም እንጂ በተማሪው ውጤት እንዳልሆነ፣ ሌሎች ደግሞ በውጤት የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ ተማሪው ውጤቱ ዝቅ ካለ ሊያቋርጡት እንደሚችሉ ለይተው አስረዱን። የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጋፍ የሚደርሳቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል፣ ድጋፉ ተቀንሶ ቤተሰቡ በግምት የሚከፍለውን የሚያሳይ ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው። የግብር ወረቀታችንን ይዘን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከእሳቸው ጋር በየዩኒቨርሲቲው ማስያ ስናሰላ፣ ርካሽ የመሰለን ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም የበለጠ የሚያስከፍለን ሆኖ ተገኘ። ኧርሊ ዲሲዥንንም ያስተዉን በዚህ ምክንያት ነው። ድጋፉ በቂ ካልሆነ ከስምምነቱ መውጣት ቢቻልም፣ ገንዘብ የሚያሳስበው ቤተሰብ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን ምላሽ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማወዳደር ዕድሉን ማጣት የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አላቸው። የፋፍሳን (የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ) እና የሌሎቹን ቅጾች ዝርዝር እዚህ አላነሣም፤ መስመር በመስመር ያስሞሉን እሳቸው ናቸው።

የተቀበሏት ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ሲደርሰን ወስደን ሰጠናቸው። አንደኛው ደብዳቤ ላይ «ሽልማት» ተብሎ የተደመረው ገንዘብ ከፍተኛ ስለነበር እኔ በልቤ ወስኜ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው በእርሳስ ወደ ታች ወረዱ። 5,500 ዶላሩን «ይህ ልጅቷ የምትመልሰው ብድር ነው» ብለው ሰረዙት፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን «ይህ ደግሞ እናንተ ወላጆች የምትመልሱት ብድር ነው» ብለው ሰረዙት፤ ሦስተኛውን «ይህ ሥራ ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ ነው፤ ገና በእጃችሁ አልገባም» ብለው ሰረዙት። ከሽልማቱ የተረፈው ከግማሽ ያነሰ ነበር። ሌላኛውን ደብዳቤ በዚያው እርሳስ ሲወርዱበት የሚሰረዝ ነገር አላገኙም፤ ሁሉም የማይመለስ ስጦታ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል ጥበቃው መብራት ማጥፋት ቢጀምርም፣ የባለቤቴን ጥያቄ የያዘችውን ያችን የመጀመሪያዋን ወረቀት ከማኅደራቸው አውጥተው፣ ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ የሰጠውን መልስ ለእሷ በአማርኛ ሳያነቡላት አልተነሡም። የድጋፍ ማመልከቻ ቅጹን በየዓመቱ እስከሞላን፣ ገቢያችንም በእጅጉ እስካልተለወጠ ድረስ ድጋፉ ለአራት ዓመት ይቀጥላል የሚል ነበር።

ፖስታ ውስጥ ያደረግነውን አነስተኛ ስጦታ እንኳ ሳይከፍቱት መለሱልን። የተቀበሉን «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ ለማንም ገንዘብ ከመክፈላችሁና ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እኚህን ሴት አግኟቸው። ልጃችሁ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ ብትሄዱ ይመረጣል፤ የኧርሊ ዲሲዥን ማመልከቻ በብዙዎቹ ዘንድ በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ስለሚዘጋ፣ ከመስከረም በኋላ ወረፋቸው በጣም ይረዝማል። የግብር ወረቀታችሁንና የልጃችሁን ትራንስክሪፕት (የትምህርት ቤት ውጤት ማስረጃ) ያዙ። ባለና ሚስት ከሆናችሁም ሁለታችሁም ሂዱ፤ አንዳችሁን ትተው አንዳችሁን ብቻ የሚያነጋግሩ ሰው አይደሉም። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጄ፣ የሚገኙበትን ቦታና ሰዓት እነግራለሁ።