ሳምንቱን ግቢ ለምትውል ጀልባ የቱ ኢንሹራንስ ይሻላል?

ገላን እየኖርን ጀልባ አለን ስንል ሰው ይስቃል። የኛዋ ትንሽ የፋይበር ጀልባ ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቀመጣለች። ቅዳሜ ተጎታች ላይ ትጫንና በዱከም አልፋ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ትገባለች። ኢንሹራንስ ስናማርጥ ግን እኔና ወንድሜ የተከራከርነው ስለ ሐይቁ ብቻ ነበር። ለካ ከሷ ዕድሜ አብዛኛው የሚያልፈው ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። ለስሌት እንዲመች ጀልባዋን ከነሞተሯ 800,000 ብር እንበላት፤ ዓረቦኑንም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ የሚከፈለውን፣ እኔው በግምት ላስቀምጥ።

ርካሹ ውል በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ይከፍላል። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ከጠፋች ደግሞ ዋጋዋን ይሰጣል። 1.5 በመቶ ቢሆን በዓመት 12,000 ብር። ሙሉው ሽፋን ከፊል ጉዳትን፣ ስርቆትንና የጉዞ አደጋን ይጨምራል። 2.5 በመቶ ቢሆን 20,000። በ8,000 ብር ልዩነት ርካሹ ያጓጓል።

አሁን ሌባውን አስቡት። ጀልባ ተሸክሞ አይሄድም። ከኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር ግን በአንድ ሌሊት ፈትቶ ይወስደዋል። በርካሹ ውል ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችምና አምስት ሳንቲም አታገኙም። ሙሉው ሽፋን ይከፍላል፤ እሱም ቢሆን ሞተሩ ተቆልፎ ነበር ወይ፣ ሌባው የሰበረው ነገር አለ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህችን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ።

መንገዱም አለ። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የመኪና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚያስበው ለተጎዳው ሌላ ሰው ነው። ዱከም ላይ ተጎታቹ ተገልብጦ የራሳችሁ ጀልባ ቢሰነጠቅ እሱ አያገባውም።

በራሳችሁ የምትችሉት ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከዓረቦኑ በላይ ያታልላል። 5 በመቶ ተብሎ ተጽፏል እንበል። የምኑ 5 በመቶ? የጀልባዋ ዋጋ ከሆነ 40,000 ብር ነው፤ የ30,000 ብር ጥገና ሙሉ በሙሉ በናንተ ኪስ ነው። የጉዳቱ ከሆነ ግን 1,500 ብር ብቻ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ያላየ ሰው ሙሉ ሽፋን ገዝቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ዋጋዋ እንዴት ይገመት? አስቀድሞ ተስማምቶ መቁረጥ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። ነገር ግን ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሞተር ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በአሮጌው ዋጋ የተቆረጠ ውል አዲስ ሞተር አይገዛም። ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ባለው የገበያ ዋጋ የሚሄደውም ቢሆን ወጥመድ አለው። 800,000 የምታወጣውን በ400,000 ካስመዘገባችሁ፣ የዋጋዋን ግማሽ ብቻ ነው ያስገባችሁት ብለው ለ100,000 ብር ጉዳት 50,000 ብቻ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የቱንም ብትመርጡ በየዓመቱ ስታድሱ ግምቱን አስተካክሉ።

ጀልባችሁ ያረጀች ከሆነች ወይም ጥበቃ ባለበት ሐይቅ ዳር የምታድር ከሆነ ርካሹ ይበቃችኋል። እሁድ እሁድ ሰው በክፍያ የምታንሸራሽሩ ከሆነ ግን ለግል መዝናኛ የተጻፈ ውል አይሆናችሁም፤ ቀድማችሁ ተናገሩ።

እኛ ሙሉውን ወሰድን። የቁልፍ አንቀጿን ካነበበ ወዲህ ወንድሜ ማታ ማታ ሞተሩን ፈትቶ ሳሎን ያስገባል። እናታችን ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ ብላ አኩርፋለች።