«ማሽን ከነእንቁላሉ፣ ጫጩቱንም እኛው እንገዛለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ጓሮ ያላችሁና ዶሮ ልጀምር ብላችሁ የምታስቡ ጎንደሬዎች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

ሰሞኑን ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከስልክ ስልክ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «አነስተኛ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ከነእንቁላሉ። 95 በመቶ ይፈለፈላል። ሥልጠና በነጻ። ጫጩቱን መልሰን እንገዛችኋለን።» ላየው ሰው ልብ ይወስዳል። ሥራ ፈልጎ ላጣ ወጣት፣ ጡረታ ለወጣ ሰው፣ ቤት ለምትውል እናት ታስቦ የተዘጋጀ ይመስላል። ማሽኑም ራሱ ውሸት አይደለም። በትክክል ከሠራና ትክክለኛ እንቁላል ከገባበት ጫጩት ያወጣል። እኔም ዶሮ አረባለሁ፣ ማሽንም እጠቀማለሁ። የምቃወመው ውሉን ነው።

የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈልጋል። ሻጩ ብሩን የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ገዢው እውነቱን የሚያየው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ መሀል መብራት ይጠፋል፣ ክዳን ይከፈታል፣ ውሃ ይጎድላል። ስለዚህ ምንም ሳይፈለፈል ሲቀር ጥፋቱ የገዢው ነው ይባላል። ውሉ የቆመው በዚህች የሦስት ሳምንት ክፍተት ላይ ነው።

አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አክስቴ ደምቢያ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ዶሮ ማስታቀፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰው ደውሎ «እማማ፣ ለፋሲካ ዶሮ ይደርስልዎታል» አላቸው። ብሩን በቴሌብር ላኩ። ማሽኑና 40 እንቁላል ቤታቸው ድረስ መጣ። ደረሰኝ የለም። የመጣው ልጅ ማሽኑን ሰክቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ሲወጣ አንድ ነገር ተናገረ፦ «እስከ 21ኛው ቀን እንዳይከፍቱት። ከተከፈተ ይሞታሉ።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ማንም ሻጭ እንዲህ ካላችሁ ወዲያው ጠርጥሩ። ታቃፊ ዶሮ እንኳ በቀን አንዴ ለመብላትና ለመጠጣት ከእንቁላሏ ላይ ትነሳለች። እንቁላሉን አውጥቶ ለደቂቃ በብርሃን ማየት አይገድለውም። «አትክፈቱ» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ውስጡ ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅበት ለሚፈልግ ሰው ነው። (የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ይለያሉ። ያኔ መክፈት በእርግጥ ጉዳት አለው፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን በሚሰብርበት ሰዓት እርጥበቱ ይሸሻል።) አክስቴም የማያውቁትን ማሽን አክብረው፣ የሚያውቁትን እንቁላል ሳያዩ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሄጄ ማታ መብራት አጥፍተን አየነው። የስልክ ባትሪ ይበቃል። የሽንት ቤት ሶፍት ካርቶኑን ባትሪው ላይ አድርጋችሁ፣ የእንቁላሉን ወፍራም ጫፍ እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። በ7ኛው ቀን ለም እንቁላል (አውራ ካለበት የመጣ፣ ጫጩት ሊወጣው የሚችል) ውስጥ ቀያይ ደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው፣ መሀላቸው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሽሉ ይታያል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ካለው የአየር ከረጢት በቀር አብዛኛው ይጠቁራል። የአክስቴ እንቁላሎች ግን ብርሃኑን እንዳለ ያሳልፋሉ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። የተወሰኑትን ሰሃን ላይ ሰበርናቸው። ደም የለም፣ ሥር የለም። ቢጫ አስኳል ብቻ።

ሻጩ ሲደወልለት መልሱ ዝግጁ ነበር። «መብራት ጠፍቶባችሁ ነው። ደግሞ ከፍታችሁታል፣ ዋስትናው ወድቋል።»

እንግዲህ ይህን መልስ የሚያፈርሰውን እወቁ። ሽል ተፈጥሮ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በብርድ ወይም በሙቀት ከሞተ ምልክት ትቶ ይሄዳል። በብርሃን ስታዩት ቀይ የደም ቀለበት ይታያል፣ ወይም የማይንቀሳቀስ ጥቁር ነገር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ፣ ሲሰበርም ምንም ያልጀመረ እንቁላል ግን ከመጀመሪያውም ለም አልነበረም። መብራት መጥፋት ለምነትን ወደኋላ ተመልሶ አያጠፋም። ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አውራ ከሌለበት የእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታ የመጣ የምግብ እንቁላል ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ጣይ ዶሮዎች ለእንቁላል ሲረቡ ያለ አውራ ነው የሚያዙት። ዶሮዋ አውራ ባይኖርም ትጥላለች። እንቁላሉ ለጥብስ ይሆናል፣ ለመታቀፍ ግን በዓለም ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ቢሰበሰብ ጫጩት አያወጣውም።

ስለዚህ እንቁላል ስትገዙ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «አውራው የታል?» ይሁን። ለአሥር ያህል ሴት ዶሮ አንድ አውራ መኖር አለበት። ሄዳችሁ እዩ። ማየት ካልተቻለ ከሚሸጡላችሁ መሀል ራሳችሁ መርጣችሁ ሦስት አራት እንቁላል ግዙና እዚያው ስበሩ። አስኳሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ለም ከሆነ ነጥቧ ሰፋ ብላ ክብ ቀለበት ትሠራለች። ለም ካልሆነ ደፈን ያለች ትንሽ ነጭ ጠብታ ብቻ ናት። ቤታችሁ ከሱቅ የመጣ የፈረንጅ እንቁላልና አውራ ካለበት ቤት የመጣ የሐበሻ እንቁላል ጎን ለጎን ሰብራችሁ ብታዩ ልዩነቱን ዓይናችሁ ይለምደዋል። ይህን ፈተና እምቢ የሚል ሻጭ ዘንድ አትቁሙ።

የእንቁላሉም ዕድሜ አለ። ከተጣለ ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ከሌላ ከተማ በመኪና ተጭኖ፣ ሲንገጫገጭ የመጣ ከሆነ ሹል ጫፉ ወደታች ተደርጎ ማሽን ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ማረፍ አለበት። ታጥቦ የሚያብለጨልጭ እንቁላል አትግዙ። ቅርፊቱን ከጀርም የሚከላከለው ስስ ሽፋን ተነስቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። የአክስቴ ማሽን ሰሌዳው 37.8 ይላል፣ ደስ ይላል። ቴርሞሜትር አስገብተን ስናይ ግን አንዱ ጥግ ከሌላው ጥግ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይለያያል። ሰሌዳው የሚያሳየው መለኪያው የተሰካበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ማራገቢያ ላለው ማሽን ትክክለኛው ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። ማራገቢያ ለሌለው፣ በእንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ፣ ከ38.3 እስከ 38.9። ከመጠን በላይ ሙቀት ከብርድ ይልቅ ፈጥኖ ሽሉን ይገድላል። ስለዚህ ማሽኑን ባዶውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አሠሩት። የሕመምተኛ ሙቀት የሚለካበት ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ይገኛል። የብርጭቆው ዓይነት የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ሌሊት ማሽኑ ምን ያህል እንደወጣ ጠዋት ይነግራችኋል። በአንድ ጥግ ብቻ አትለኩ፣ አራቱንም ጥግና መሀሉን ሞክሩ።

«በራሱ ያገላብጣል» ከተባለ እንቁላሉ ላይ በእርሳስ በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ ጻፉና ከሰዓታት በኋላ ምልክቱ ቦታ መቀየሩን እዩ። እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ሽሉ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። «በባትሪም ይሠራል» ካሉ ሻጩ ፊት ሶኬቱን ንቀሉት። ብዙዎቹ የ12 ቮልት ማስገቢያ ቀዳዳ አላቸው እንጂ ገመዱም ባትሪውም አብሮ አይመጣም፤ ይህን መጠየቅ የሚረሳ ብዙ ነው። «56 እንቁላል ይይዛል» ሲሉም በዶሮ ነው ወይስ በድርጭት ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ የሚቆጥረው በድርጭት ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትደንግጡ። ክዳኑን አትክፈቱ፣ መተንፈሻ ቀዳዳውን ሳትደፍኑ ጋቢ አልብሱት። ለጥቂት ሰዓት የቀዘቀዘ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በተለይ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሽሉ የራሱን ሙቀት ማመንጨት ስለሚጀምር ይበረታል። «መብራት ለአንድ ሰዓት ጠፍቶ 40ውም ሞቱ» የሚል ሰበብ አትቀበሉ።

አንድ ነገር ግን ለእኛ አገር ልዩ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ የሚያጣው ከቆላው ፈጠን ብሎ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደረቁ ወቅት ሲጨመርበት ይብሳል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ይህን ከግምት አያስገባም። እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መመዘን ነው። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 ወይም 13 በመቶ ያህል ማጣት አለበት። ሲገባ 50 ግራም የነበረ 44 ግራም አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ነው። 41 ከሆነ ደርቋል፣ ውሃ ጨምሩ። ሥልጠና በነጻ ያለው ሰው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«95 በመቶ» የሚለውም ከየት እንደመጣ እንጃ። በባለሙያ የተያዘ ትልቅ መፈልፈያ ካስገባው 100 እንቁላል 80 ገደማ ጫጩት ካገኘ ጥሩ ሠራ ይባላል። ሹል እንቁላል አውራ፣ ድቡልቡል ሴት ይወጣዋል ብለው «ሴት ሴቱን መርጠን እንልካለን» የሚሉም አሉ። ሐሰት ነው። ጾታው የሚወሰነው ከእናቲቱ ዘር ነው፣ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል። ማሽን ሳይገባ «የተከተበ እንቁላል» የሚባልም የለም። የፈንግል ክትባት የሚሰጠው ለጫጩቱ ነው። ያልተከተበ ጫጩት ፈንግል ሲገባ ሙሉ ቤቱን ይዞ ያልቃል። የ«ለፋሲካ ይደርሳል» ነገር ደግሞ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሦስት ሳምንቱ በማሽን ውስጥ ያልቃል። በቀረው ሁለት ወር የሐበሻ ጫጩት ገና ቄብ እንኳ አይባልም።

መልሰን እንገዛለን ስላሉት ጫጩት ደግሞ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። «ጥራቱን የጠበቀ ጫጩት በወቅቱ ዋጋ» ይላል። ጥራቱን ማን ይለካል? የወቅቱ ዋጋ ስንት ነው? ማኅተም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ቀን የለውም። ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። አክስቴን ያሳመናቸው ግን ይህ ወረቀት ነበር። ገበያው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ከመሰላችሁ ማሽኑ ውድ መሆኑን አትጠይቁም። ዋጋውን ለየብቻው አስነግሩ። ማሽኑ ስንት፣ እንቁላሉ ስንት። ከዚያ ያንኑ ማሽን ከሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ። እንቁላሉንም በምንም መንገድ ማሽኑን ከሸጠው ሰው አትግዙ። ሁለቱ ከተለያየ ሰው ሲመጡ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል።

ደረሰኝ አስቆርጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብራችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። 15 ቀን ነው። እንቁላሉ 21። «እስከመጨረሻው ታገሡ» የሚላችሁ ሰው ይህን ቀን እያሳለፈባችሁ ነው። በ7ኛው ቀን በብርሃን እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የሰበራችሁትን በቪዲዮ ቅረጹ፣ የላካችሁበትን የቴሌብር መልእክት አታጥፉ። ይዛችሁ ወደ ሻጩ፣ እምቢ ካለ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አክስቴ በቪዲዮውና በቴሌብሩ መልእክት የእንቁላሉን ዋጋ አስመልሰዋል። የማሽኑ ገና በክርክር ላይ ነው።

ያ ሰው አሁን የገጹን ስም ቀይሮ የድርጭት እንቁላል ከነማሽኑ ማስተዋወቅ ጀምሯል። ድርጭት በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል። ቅርፊቷ ዥንጉርጉር ስለሆነ በብርሃን ማየቱ ከዶሮ ይከብዳል። እዚያ ላይ ከመግዛት በፊት ሰብሮ ማየት የግድ ነው።