ፒናትስ በ26 ጥራዝ፦ ከየትኛው ይጀመር?

የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የቻርለስ ሹልዝን የጋዜጣ ካርቱን «ፒናትስ» በ26 ጥራዝ ስብስቡ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛውን ጥራዝ ገዝቶ መሐል ላይ ይተወዋል። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1950 የምናገኘው ዋናው ገጸ ባሕርይ ቻርሊ ብራውን የምናውቀው፣ ነገር የማይቀናው ቻርሊ ብራውን አይደለም፤ ፈገግተኛና ተንኮለኛ ልጅ ነው። ስኑፒም በአራት እግሩ የሚሄድ ተራ ቡችላ ነው። እኅትና ወንድም የሆኑት ሉሲና ላይነስ እስከ 1952 ድረስ ጭራሽ የሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው የ1959–1960 ጥራዝ ነው። ሉሲ በ5 ሳንቲም ምክር የምትሸጥበትን ጠረጴዛ የምትዘረጋው፣ ላይነስ በሃሎዊን በዓል ሌሊት ስጦታ ያመጣል ብሎ የሚያምንበትን «ታላቁን ዱባ» መጠበቅ የሚጀምረው፣ የቻርሊ ብራውን እኅት ሳሊም የምትወለደው በ1959 ነው። የሹልዝ እጅ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተፍታቷል። ይህን የወደደ ሰው ወደ 1950 ሲመለስ እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ እየለየ ያነባል፤ ያኔ አንደኛው ጥራዝ ይጣፍጣል።

ስብስቡን ያሳተመው የአሜሪካው ፋንታግራፊክስ ሲሆን በ2004 ጀምሮ በ2016 ጨረሰው። ሃያ አምስቱ ጥራዞች ሁለት ሁለት ዓመት ያህል እየያዙ 17,897 ስትሪፖችን፣ ማለትም በጥቂት ሳጥን የተሣሉ አጫጭር የቀልድ ታሪኮችን፣ በቀን ቅደም ተከተል ያቀርባሉ። 26ኛው ከጋዜጣው ውጭ የተሠሩትን ሰብስቧል፤ ለአፍቃሪ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። ሹልዝ ይህን ሁሉ ስትሪፕ ያለረዳት፣ በንግግር አረፋው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር በእጁ ነው የሠራው።

መጽሐፉ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ነው። በአንድ ገጽ ሦስት የአዘቦት ስትሪፖች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፣ የእሑዱ ደግሞ ገጹን ለብቻው ይወስዳል። አንድ ሳምንት በሦስት ገጽ ያልቃል ማለት ነው። የንባቡም መጠን ይኸው ቢሆን ጥሩ ነው፤ በቀን ሦስት ገጽ። ሃምሳና ስልሳ ስትሪፕ በአንድ ቁጭታ የሚያነብ ሰው ቀልዱ ሁሉ አንድ ይሆንበታል፣ ምክንያቱም ሥራው ሲፈጠርም በቀን አንድ እንዲነበብ ሆኖ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ስታዩ የእያንዳንዱ የአዘቦት ስትሪፕ አራት የሥዕል ሳጥኖች እኩል መሆናቸውን ልብ በሉ። ይህ የሹልዝ ምርጫ አልነበረም። ስትሪፑ ለጋዜጦች የቀረበው ቦታ ቆጣቢ ተብሎ ነው፤ አዘጋጁ እንደተመቸው በአግድም፣ በቁም ወይም ሁለት በሁለት አድርጎ ይደረድረው ዘንድ ሳጥኖቹ እኩል መሆን ነበረባቸው። ሹልዝ ከዚህ የተላቀቀው በየካቲት 29 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አንድ ረጅም ሳጥን ብቻ ታገኛላችሁ። የእሑዱም የራሱ ምስጢር አለው፦ ጋዜጣው ቦታ ሲያጥረው የላይኛውን ረድፍ ቆርጦ እንዲጥል ተፈቅዶለት ነበር። መግቢያው ላይ ያለው ቀልድ ከዋናው ታሪክ ጋር ያልተያያዘ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የስብስቡ ትልቁ ጉድለትም እሑድ ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ በቀለም የወጣው ሁሉ እዚህ በጥቁርና ነጭ ታትሟል። ቀለሙን የሚፈልግ «ፒናትስ ኤቭሪ ሰንደይ» የተባለውን የዚያኑ አሳታሚ ባለ 10 ጥራዝ ተከታታይ ይፈልግ፤ መጠኑም ተለቅ ያለ ነው። እኔ ግን መምረጥ ግድ ከሆነ ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ። ሹልዝ ኢስተርብሩክ 914 በተባለ ተጣጣፊ የብዕር ጫፍ ነበር የሚሥለው፤ ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል የቀረውን ክምችት በሙሉ ገዝቶ አስቀምጧል። ጫፉ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያቀሉት ይቀጥናል። ይህን ለማየት ዝናብ ያለበትን ማንኛውንም ሳጥን ቀርቦ ማየት ይበቃል፦ እያንዳንዱ ጠብታ በአንድ ፈጣን ጭረት የወረደ ነው። ቀለም ሲገባ ዓይን ከዚህ ይሰረቃል። ሽሮደር ፒያኖ ሲመታ ከራሱ በላይ የሚታዩት ኖታዎችም ለማስዋቢያ የተጫሩ ሳይሆኑ ከእውነተኛ የቤትሆቨን ሥራዎች የተገለበጡ ናቸው፤ ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ሊጫወታቸው ይችላል።

ግዢን በተመለከተ፦ ጥራዞቹ ጠንካራ ሽፋንም ስስ ሽፋንም አላቸው፣ ሁለት ሁለቱ በካርቶን ማቀፊያ ተደርገውም ይሸጣሉ። አንዱን ዓይነት ይዞ መቀጠል ይሻላል፤ የተቀላቀለ መደርደሪያ ላይ አያምርም። የ1959–1962 ማቀፊያ ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

የ1999–2000 ጥራዝ የመጨረሻው ይሁን። መቅድሙ የባራክ ኦባማ ነው፤ በውስጡም ሹልዝ ከፒናትስ በፊት የሠራው «ሊል ፎክስ» አለ። መስመሩ እዚህ ይንቀጠቀጣል፤ የሹልዝ እጅ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ይዞት ነበር። የቻርሊ ብራውን ጭንቅላት ዙሪያው የተሰባበረ ነው፣ ሣሩም እንዲሁ። ሹልዝ የካቲት 12 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ሌሊት አረፈ፤ የመጨረሻው የእሑድ ስትሪፕ በማግስቱ ጠዋት ጋዜጦች ላይ ወጣ።