ፖስተኛው የገነባውን ቤተ መንግሥት ግንበኛ አባቴን ይዤ ሄጄ አየሁት

ይሄን የምጽፈው ሊዮንና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ ደግሞ ቤተሰብ ከአገር ቤት መጥቶባችሁ የት ልውሰዳቸው ብላችሁ ለተጨነቃችሁ ነው። አባዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ፓሪስን አዞርኩት፣ ትልልቁን ነገር ሁሉ አሳየሁት፣ "ጥሩ ነው ልጄ" ከማለት አላለፈም። ድሮም በሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ ውስጥ ያለች ኦትሪቭ የምትባል ትንሽ መንደር ስወስደው ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከግንቡ ሥር ላላቅቀው አልቻልኩም። ሰውዬው አዲስ አበባ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ በግንበኝነት የሠራ ነው፣ ስንት አጥርና ስንት መሠረት የሱ እጅ እንዳለበት ራሱም አይቆጥረውም፣ ስለዚህ ድንጋይን በተመለከተ የሱ ቃል ለኔ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጣል።

ቦታው ፓሌ ኢዴያል ይባላል፣ በሐሳብ የታለመ ቤተ መንግሥት እንደማለት ነው። የሠራው ፌርዲናንድ ሼቫል የሚባል የመንደሩ ፖስተኛ ነው። መሐንዲስ አይደለም፣ ግንበኛም አይደለም፣ በልጅነቱ የተማረው ሙያ ዳቦ ጋጋሪነት ነው። በፈረንጆቹ 1879 ኤፕሪል ላይ፣ 43 ዓመቱ ነበር፣ ደብዳቤ ሊያድል በእግሩ ሲሄድ አንዲት ድንጋይ አደናቀፈችው፣ ጎንበስ ብሎ ሲያያት ቅርጿ ገረመውና ኪሱ ከተታት፣ በማግስቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ ከሷ የሚያምሩ ሌሎች አገኘ፣ ከዚያ በኋላ ለ33 ዓመት አላቆመም። በቀን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየተጓዘ ደብዳቤውን ያድላል፣ መንገድ ላይ ያየውን ድንጋይ ለብቻ ይከምርና ከሥራ በኋላ ተመልሶ ይወስደዋል፣ መጀመሪያ በኪሱ፣ ቀጥሎ በቅርጫት፣ በመጨረሻ በእጅ ጋሪ፣ ማታ ማታ ደግሞ በፋኖስ ይገነባል። የጎረቤቱ ሰው አብዷል ብሎታል። በ1912 ነው የጨረሰው።

አሁን ፎቶውን አይታችሁ "አየሁት" እንዳትሉ፣ ፎቶው ምንም አያሳይም። ርዝመቱ 26 ሜትር ነው፣ ከፍታው ደግሞ 10 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ግን ከሩቅ ስታዩት የተዝረከረከ ነው የሚመስለው፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። መጠጋት አለባችሁ። ስትጠጉ ነው እያንዳንዷ ጠጠር ተመርጣ እንደገባች የሚታያችሁ፣ የወንዝ ድንጋይ አለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው እንደ ስፖንጅ የሆነ ድንጋይ አለ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ፣ ሁሉም በኖራና በሲሚንቶ ተያይዟል። አባዬ መነጽሩን አውጥቶ አንዷን ዓምድ ከሥር እስከ ላይ አያትና "ቱንቢ አልያዘም ይሄ ሰውዬ" አለኝ። ቱንቢ ግንበኛ የግንቡን ቀጥ ማለት የሚያይበት ክብደት የታሰረበት ገመድ ነው፣ እኔ ነቀፌታ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ጠርዙ የተላጠ ቦታ ላይ ጣቱን ሊያሳርፍ ሲል መንካት ክልክል መሆኑን ነገርኩት፣ እጁን ኋላው አድርጎ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና "ሽቦ ከቶበታል እኮ! ፌሮ መሆኑ ነው፣ ማን አስተማረው?" አለ። እውነቱን ነው፣ ሼቫል ብረት እያስገባ ነው የሠራው፣ ያኔ ደግሞ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ገና አዲስ ነገር ነበር።

ምሥራቁ ፊት ላይ ሦስት ረጃጅም ግዙፍ ሰዎች ቆመዋል፣ የሮሙ ቄሳር፣ እሱን የተዋጋው የጎሎች መሪ ቨርሲንጀቶሪክስና የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዲስ ናቸው። ይሄ ፊት ብቻውን 20 ዓመት ፈጅቶበታል። በምዕራብ በኩል ዙሩና እዩት፣ መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ የስዊስ ጎጆ፣ የድሮ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሰውዬው አንዱንም አገር ሄዶ አላየም፣ የሚያድላቸው ፖስት ካርዶችና መጽሔቶች ላይ አይቶ ነው። ውስጡ በመተላለፊያው ስታልፉ ግድግዳው ሙሉ በእጁ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፣ 10,000 ቀን፣ 93,000 ሰዓት፣ 33 ዓመት ብሎ ቆጥሮ ጽፎታል። የእጅ ጋሪው ራሷ ለብቻዋ ማረፊያ ተሠርቶላት ውስጥ ተቀምጣለች። አባዬ እዚህ ጋ ቆመ፣ ምንም አላለም፣ ብዙ ቆየ። በኋላ ስንወጣ "መሣሪያቸውን አልጣሉም፣ እሳቸው" አለኝ። ልብ በሉ፣ ጠዋት ስንገባ "ይሄ ሰውዬ" ነበር፣ ከጋሪዋ በኋላ እስክንመለስ ድረስ "እሳቸው" ሆኑ። እኔም ከዚህ በኋላ እንደሱ ነው የምጠራቸው።

ያገሬ ሰው ስለሆንኩ ላሊበላ ትዝ አለኝ፣ አለማሰብ አይቻልም። እዚያ አለቱ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ነው ቤቱ የወጣው፣ እዚህ ደግሞ ከመንገድ እየተለቀመ ከታች ወደ ላይ ነው የወጣው። ማወዳደሬ አይደለም፣ ግን ሁለቱም ጋ ስቆም ድምፄን ዝቅ የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ባቡር መንደሩ ድረስ አይገባም። መጀመሪያ ብቻዬን በሄድኩበት ጊዜ የመልስ አውቶቡስ አምልጦኝ ለታክሲ ያወጣሁትን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ መኪና ያለው ጓደኛ ያዙ፣ ከሊዮን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ወደ ላይ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ጠባብ ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል፣ አባዬን ከኋላ ደግፌ ነው ያወጣሁት። ግን ያቺ ያደናቀፈቻቸው ድንጋይ እዚያ ላይ ስለሆነች ቀስ ብላችሁም ቢሆን ውጡ። ከቀትር በኋላ ሰው ይበዛል፣ ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ፣ ፀሐይዋም ያኔ የምሥራቁን ፊት ፊት ለፊት ነው የምትመታው።

ብዙ ሰው ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ እባካችሁ መቃብሩን ሳታዩ እንዳትመለሱ። እሳቸው እዚያው በሠሩት ውስጥ መቀበር ነበር የፈለጉት፣ ሕጉ አልፈቀደም። ታዲያ 78 ዓመታቸው ላይ የመንደሩ መካነ መቃብር ውስጥ ቦታ ይዘው እንደገና ድንጋይ መግፋት ጀመሩ፣ ስምንት ዓመት ሠርተው ጨረሱት፣ በ1924 አረፉና እዚያው ገቡ። ልጃቸው አሊስ በ15 ዓመቷ ነው የሞተችባቸው፣ ያን ሁሉ ሐዘን ተሸክመው ነው እንግዲህ የገፉበት። መንግሥት ቤተ መንግሥቱን በቅርስነት የመዘገበው በ1969 ነው፣ ያውም አስቀያሚ ነው ብለው የተቃወሙ ባለሥልጣናት እያሉ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ቆርጠው ነው።

ማታ ቤት እንደገባን አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ አዲስ አበባ ደወለ፣ ድሮ ባሬላ አብሮት ሲሸከም ለነበረ ጓደኛው። ሰላምታውን እንኳን አልጨረሰም። "ስማ፣ አንድ ፖስተኛ ናቸው፣ በጋሪ ነው ያመላለሱት፣ ብቻቸውን፣ ቱንቢ የለ ረዳት የለ" እያለ ሲያወራ ካርዱ አለቀበት፣ የኔን ስልክ ተቀብሎኝ ቀጠለ።