ካሜራ ወይስ ኦሲቲ? የቀዶ ሕክምና ሌዘር ሮቦት ከመግዛታችሁ በፊት

ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የሮቦቱን ክንድ ነው። እናንተ ግን ስለ ጨረሩ ጠይቁ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር (10.6 ማይክሮሜትር) ፎከሱ ላይ፣ ማለትም ጨረሩ ከሁሉ በሚጠብበት ቦታ፣ ነጥቡ 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ሥጋው ከፎከሱ 3 ሚሊሜትር ያህል ቢርቅ ወይም ቢጠጋ የጨረሩ ጥንካሬ በግማሽ ይወርዳል። ነጥቡን ወደ 0.1 ካጠበባችሁት ደግሞ ለዚያው ግማሽ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይፈጅበትም። ፎከሱን የሳተ ሌዘር ደህና አይቆርጥም፣ ዙሪያውን ያሞቃል፣ የሚያርረውም የታካሚው ጤናማ ሥጋ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ እስከ ሥጋው ያለውን ርቀት እየለካ ፎከሱን ማስተካከል አለበት፤ የሚለካውም በጥንድ ካሜራ ወይም በኦሲቲ (OCT፣ በብርሃን ጥልቀትን የሚለካ የምስል ዘዴ) ነው።

ጥንድ ካሜራ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሥጋው ብዙ ቢንቀሳቀስም አይጠፋበትም። ግን እርጥብ ሥጋ ያብለጨልጫል፣ ጭስ ይጋርዳል፣ ካሜራው ከጎን ስለሚያይም ጠባብና ጥልቅ ቁርጥ ውስጥ ታቹን አያገኘውም።

ኦሲቲ ሌላ ነገር ነው። ከሥጋው የሚመለሰውን ብርሃን ከማነጻጸሪያ ብርሃን ጋር አገናኝቶ ርቀትን በጥቂት ማይክሮሜትር ልዩነት ይለካል፤ ከሌዘሩ ጋር በአንድ መስመር ሊገባ ስለሚችል ደግሞ ሌዘሩ የሚደርስበትን ታች ራሱን ያያል። ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከሚሠሩ ፌምቶሰከንድ ሌዘሮች (እጅግ አጭር የብርሃን ምት የሚለቁ) ብዙዎቹ የሚመሩት በዚህ ነው። ድክመቱ የሚያየው ክልል ጠባብ መሆኑ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ታካሚው በረጅሙ ሲተነፍስ ሥጋው ከእይታው ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ የኦሲቲውና የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ስለሚለያይ በአንድ ሌንስ ቢያልፉም ፎከሳቸው አንድ ቦታ ላያርፍ ይችላል። ካሊብሬሽኑ (ሁለቱን የማጣጣም ልኬት) በስንት ጊዜ እንደሚታደስ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ነጥቡ ሰፋ ላለና ከላይ ከላይ ለሚሠራ ሥራ ካሜራ ይበቃል። ለአጥንትና ለቀጭን ቁርጥ ግን ኦሲቲ ያለውን ያዙ። ካሜራው አካባቢውን ፈልጎ ኦሲቲው የሚያስተካክልበት ቢገኝማ ከሁሉም ይሻላል፣ ገንዘቡ ከቻለ።

ብዙ ገዢ የሚያልፈው ፍጥነቱን ነው። ምስሉ ምንም ቢፈጥን ፎከሱን የሚያስተካክለው ከባዱ ክንድ ከሆነ ይዘገያል፤ ትንሽ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ይፈጥናል። ስለዚህ ከምስል እስከ እርማት ያለውን ጠቅላላ መዘግየት በሚሊሰከንድ ጠይቁ። ሙከራውንም በደረቅ እንጨት ላይ አትቀበሉ፤ በሚንቀሳቀስ እርጥብ ሥጋ ላይ፣ ጭሱ እየወጣ፣ ሻጮቹ እናንተ እያያችሁ ይቁረጡ።