ቦይለሬን ያወቅሁት ሲወርድ ነው

ዕቃው ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ነጩ፣ ቁመቱ ረዘም ያለው። ጥቅምት ላይ ገዝቼ ማራኪ ያለው ቤቴ ውስጥ አስገጠምኩት። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ አሳለፈን፤ ለጥምቀት የመጡ እንግዶችም ሞቅ ባለ ውሃ ታጠቡ። ስለማሞቁ ሌላ የምለው የለኝም። ሥራው ነው፣ ሠራ።

የምጽፈው ስለማውረዱ ነው። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ስላስገባን ቦይለሩ መነሳት ነበረበት። ወደ ፀሐይ የዞርንበትን ምክንያት ጎንደር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መብራት ሲመጣ ውሃ ይጠፋል፤ ውሃ ሲመጣ መብራት። ሁለቱ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይገናኙም።

ሻጩ ሲሸጥልኝ አፉ ማር ነበር። «እትዬ፣ ይሄ እስከ 100 ዲግሪ ነው የሚያሞቀው!» አለኝ። ወንድሜ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ድስት ላይ የጣድኩት ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ደግሞስ የቦይለሩ ቴርሞስታት ላይ የተጻፈው 75 ነው። ያንን ቁጥር ባታነበው ይቅር። ግን እንዴት እንደሚዘጋ፣ እንዴት እንደሚፈስ፣ እንዴት እንደሚወርድ አንዲት ቃል ትተነፍሳለህ? መመሪያውም ቢሆን ከአማርኛ በቀር በሁሉም ቋንቋ ተጽፏል።

ለማውረድ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጠንቃቃ ልጅ።

«እትዬ፣ ማጥፊያውን አጥፍተውታል?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ» አልኩት።

የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ቴስተሩን ሽቦው ላይ አስነካ። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ቦግ አለች። ልጁ እጁን ሰበሰበና ዞሮ አየኝ። ማጥፊያው ጠፍቷል፤ የቦይለሩ ቀይ መብራት ጠፍቷል፤ ውስጡ ግን 220 ቮልት ቁጭ ብሎ እጅ ይጠብቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ገጣሚው ማጥፊያውን ያሳለፈው በፌዙ (መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ) ላይ ሳይሆን በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ማጥፊያው ሲጠፋ ዙሩ ይቋረጣል፣ ውሃውም መሞቅ ያቆማል። ያየ ሁሉ ጠፋ ይላል። ፌዙ ግን እስከ ማሞቂያው ብረት ድረስ እንደቆመ ነው። ያፈተለከ መብራት ሲኖር ወደ መሬት የምትወስደውን የኧርዝ ሽቦ ደግሞ ቆርጠው በናስትሮ ጠቅልለዋታል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል?

አውቃለሁ፣ አንተ ሻጩ «ገጣሚው የኛ ሰው አይደለም» ትላለህ። ስልኩን ደረሰኙ ጀርባ ላይ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። «እጁ የተባረከ ነው» ያልከኝም አንተ።

ልጁ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ብሬከር ከመዝጋቱ በፊት ቴስተሩን መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞከረው። የተበላሸ ቴስተርም አይበራምና። ከዚያ ዘግቶ መጣና ቦይለሩ ላይ ደግሞ ሞከረ። አሁን ጨለመ። እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የባሰው ገና ሥር ነው ያለው።

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ጫፍ ላይ ጣት የምታህል የነሐስ ዕቃ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ ነው የሚሏት። ጎኗ ላይ ትንሽ እጀታ፣ ሥሯ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላት። ሥራዋ ሁለት ነው። ቦይለሩ ውስጥ የገባው ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ትይዛለች። ግፊቱ 8 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ ደግሞ በቀዳዳዋ ታስተነፍሳለች። የኔዋ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ገብቶበታል። ብሎኑ በቴፍሎን ተጠቅልሎ፣ በፒንሳ ተጠብቆ፣ ዳር ዳሩን ሲሊኮን ተቀብቶ። ሥራው እንዴት ንጹሕ መሰላችሁ! ገጣሚው እንዲህ የተጨነቀበት ሌላ ቦታ ቦይለሩ ላይ የለም።

ገጣሚው ቢጠየቅ የሚለው ይታወቀኛል፦ «ያንጠባጥብ ስለነበር ነው እትዬ። የመስመር ግፊት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።»

የምን መስመር? የኔ ቦይለር ውሃ የሚያገኘው ከሮቶ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ እንኳ የሚሰጠው 1 ባር ነው፤ የኔው ደግሞ ከጣሪያው ብዙም አይርቅም። ግፊቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይጨምራል። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 65 ሲደርስ 1 ሊትር ተኩል ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቫልቯ ይዛዋለች። ብረቱ አይለጠጥም። ስለዚህ በቀዳዳዋ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያንጠባጥባል ብለህ የደፈንከው እኮ ሥራዋን ስትሠራ ያየሃትን ዕቃ ነው! ከቀዳዳዋ ሥር አንዲት ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ ፍሳሹ መላክ ነበር የሚበቃው።

ቴርሞስታቱ አንድ ቀን አልቆርጥም ቢል ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም፣ ግን አስባለሁ። ታፍኖ የሞቀ ውሃ ከ100 ዲግሪም በላይ ሄዶ ውሃ ሆኖ ይቆያል። ብረቱ የተቀደደ ጊዜ ነው ባንዴ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው። 1 ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ የእንፋሎት መታጠቢያ አለ፤ እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። እንፋሎት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ብረት ውስጥ አፍኖ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ መስቀል ነው አዲሱ።

እስካሁን ማን አተረፈን ብትሉ፣ እግዜርና የሻወሩ ቧንቧ። ጎማው ተበልቶ ሌት ተቀን ያፈስ ነበር። ስንት ጊዜ ተማርሬበታለሁ! የተዘጋው ትንፋሽ የወጣው ለካ በሱ ነው።

ማውረዱ ራሱ ተራ በተራ ከሄዱበት አያስቸግርም። ውሃው ከትናንት ጀምሮ መቀዝቀዙ በጀን፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል። የሮቶውን መውጫ ዘጋን። ቦይለሩ አጠገብ መዝጊያ ሊኖር ሲገባ የለም፣ ስለዚህ የቤቱ ውሃ ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ የሻወሩን የሙቅ ውሃ በኩል ከፈትን። ይሄ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ የታፈነውን ግፊት ያወጣል፣ ኋላ ውሃው ሲፈስ ደግሞ በላይ በኩል አየር ያስገባል። አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ብሎኑ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ የቫልቯን እጀታ ቀና ሲያደርጋት መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ መጣ፣ ቀጥሎ ቡና የመሰለ፣ በመጨረሻ ነጭ ቅርፊት ያለበት ጭቃ። የከተማችንን የውሃ ግድብ፣ አንገረብን፣ በደለል እናማዋለን፤ የየቤታችን ሮቶስ ታጥቦ ያውቃል?

ባልዲ በባልዲ እየተቀባበልን ብዙ ቆየን። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት። «በቃ እንዲሁ እናውርደው» ያለ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ባለቤቴ ነው። 80 ሊትር ማለት 80 ኪሎ ነው፣ ብረቱ ሳይጨመር። የተሰቀለውም ባዶ ብሎኬት ላይ በሁለት ፊሸር (ብሎን በሚይዝ ፕላስቲክ) ነው። ባዶውን እንኳ ለሁለት ተሸክመው አወረዱት፤ ሥሩ የቀረው ውሃ ሲጋደል እግራቸው ላይ ፈሰሰ።

ከወረደ በኋላ ሁለቱም የውሃ ጫፎች ታፖ (መድፈኛ) ገባባቸው። ሽቦውን ልጁ ናስትሮ ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሊተወው ይችል ነበር። አልተወውም፤ ጫፉን ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) ውስጥ አስገብቶ ከደነው፣ ከብሬከሩ በኩልም ነቀለው። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ።

ለቆራሌው እንዳልሰጠው ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። በብረቱና በነጩ ቆርቆሮ መሃል ያለው ቢጫ ስፖንጅ ሙቀት የሚይዘው ነው። ብረቱን ለማውጣት ሲሉ ያቃጥሉታል፣ ጭሱ ደግሞ መርዝ ነው። የሰፈር ልጆች ደግሞ እሳት ከብበው መሞቅ ይወዳሉ።

እና ቦይለሩን ግዙ ነው የምለው ወይስ አትግዙ? ዕቃው ምን አጠፋ? ሌላ ቀን ብትጠይቁኝ ጥሩ ነው እል ይሆናል። ዛሬ ግን ያ ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ከአምስት ሁለት ኮከብ፤ ሁለቱም ለጥምቀት እንግዶቼ ሲባል ነው። ወደዚያ ሱቅ ግን አልመለስም። ብሎኑን ይዤ ሄጄ ባንኮኒው ላይ ማስቀመጥ አምሮኛል። «ምንድን ነው እትዬ?» ይለኛል። ያኔ እነግረዋለሁ።

ቦይለሩ አሁን ግቢ ውስጥ ተዘቅዝቆ እየደረቀ ነው። ጎረቤቴ ልግዛው ብላለች፤ ዋጋም ተስማምተናል። አሮጌዋን ቫልቭ በመዶሻ ቀጥቅጬ ጥያታለሁ። አዲስ ገዝታ፣ ማስተንፈሻ ቱቦዋን ጨምራ እስክታሳየኝ ድረስ ዕቃውን አልሰጣትም ብያታለሁ። ተቀይማለች። ትቀየም።