ለልጄ የሒሳብ አስጠኚ ምስጋና፣ ለወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወላጆች። ዛሬ አንዲት እህታችንን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ጀሞና ለቡ አካባቢ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ነው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምረው፣ 7ኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የልጄ ውጤት ወዲያው አሽቆለቆለ። ሒሳብ ያለበት ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ። አስጠኚ ቀጠርን። ሰውየው ግን የቤት ሥራውን ራሱ እየሠራ ያስገለብጠው ነበር። ደብተሩ በራይት ተሞላ፣ ፈተና ላይ ግን ያው ነው።

ከዚያ ጎረቤቴ ይህቺን ልጅ ጠቆመችኝ። 4 ኪሎ ሒሳብ ተምራ የተመረቀች ናት። ቀን ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ማታ ታስጠናለች። መጀመሪያ ቀን የ7ኛ ክፍሉን መጽሐፍ አልከፈተችም። የ4ኛ እና የ5ኛ ክፍል ጥያቄዎች በእጇ ጽፋ ሰጠችው። ማባዣ ላይ 7 እና 8 ጋ ሲደርስ እንደሚደናቀፍ፣ ክፍልፋይ ደግሞ ጭራሽ እንዳልገባው ያኔ ታወቀ። «እናቱ፣ እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም፣ ከሥር የቀረ ነገር አለ» አለችኝ።

አንድ ማታ ግማሽና አንድ ሦስተኛን ደምር አለችው። 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ማለት ነው። አልሰረዘችበትም። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አለችው። አሰበና «ያንሳል» አለ። «ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ መጣ?» ልጁ ወረቀቱን አፍጥጦ አየና ሳቀ። ራሱ አጠፋው። 3/6 እና 2/6 አድርጎ 5/6 እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ፣ እሷም ጠበቀችው። አሁን መልስ ሲያገኝ ቶሎ አይጽፍም፣ «ይሄ ያስኬዳል?» ይላል። እኔን ከማርኩ በላይ ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በሱቅ ዱቤ አስረዳችው። 5 ብር ዱቤ ያለበት ሰው 3 ብር ቢከፍል ገና 2 ብር ይቀርበታል፣ በቃ። ፐርሰንት ላይ ደግሞ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ አምጡ አለች። ቫቱ 15 በመቶ ነው። የ400 ብር ዕቃ ከሆነ 10 በመቶው 40፣ የዚያ ግማሽ 20፣ ድምሩ 60። አሁን ገበያ ስንወጣ ካሸሯ ሳትነግረን እሱ ይነግረኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሚኒስትሪ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተአምር ለሚፈልግ ወላጅ አትሆንም። የቤት ሥራ ሥሪለት ብትሏትም እሺ አትልም። መጀመሪያ አካባቢ ወደ 4ኛ ክፍል ሒሳብ ስለምትመለስ «ገንዘቤን ለዚህ ነው የማወጣው?» ያሰኛል። ታገሱ። እሷ በማትመጣባቸው ቀናትም ትንሽ ጥያቄ ትተዋለች፣ እሱን ማሠራት የወላጅ ድርሻ ነው። ስልክ ከጠረጴዛው ይነሳ ትላለች፣ በዚህ ቀልድ አታውቅም።

ልጄ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም። ግን ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሒሳብን በደንብ አለፈ፣ የሆድ ሕመሙም ጠፋ። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ሰሌዳ ላይ እንደሠራ መምህሩ ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ደክሞሽ ከሥራ መጥተሽ ልጄን እንደ ታናሽ ወንድምሽ በትዕግሥት ስላስተማርሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድካምሽን ዋጋ ይክፈልሽ።

ወላጆች፣ ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገረችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት የምትይዘው ጥቂት ልጅ ብቻ ስለሆነ መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ።